የጆን ዳልተን ሕይወትና ዓይኖቹ

በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ተቀምጦ የጆን ዳልተንን ስም ያልሰማ ተማሪ በትምህርት ቤታችን የለም። አቶም የሚባለውን የነገር ሁሉ መሠረት በክብደት ለይቶ ለዓለም ያስተዋወቀ ሊቅ መሆኑን በመጽሐፍ አንብበናል፤ ለፈተና አጥንተናል፤ ብዙዎቻችንም ከፈተናው በኋላ ረስተነዋል። ነገር ግን የዚህ ሰው ዓይኖች ከሞተ ከ150 ዓመት በኋላ እንኳ ተመርምረው መልስ እንደ ሰጡ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። እኔም በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን የዳልተንን ሕይወት ለመጻፍ የመረጥሁት ከአቶሙ ይልቅ ስለ ዓይኖቹ ብዬ ነው። ምክንያቴን በቦታው እገልጻለሁ። አስቀድሜ ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቼ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

ጆን ዳልተን በ1766 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጀመሪያ ላይ፣ በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል በሚገኘው በካምበርላንድ አውራጃ፣ ኢግልስፊልድ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ጆሴፍ ዳልተን ሸማኔ ነበር፤ እናቱ ዲቦራ ትባል ነበር። ቤተሰቡ ኩዌከር የተባለው የክርስቲያን ማኅበር አባሎች ነበሩ። ኩዌከሮች ቀላል ኑሮ የሚወዱ፣ የጦር መሣሪያ የማይዙ፣ ልብሳቸውም ጌጥ የሌለበትና ደብዘዝ ያለ መልክ የነበረው ሰዎች ናቸው፤ ደማቅ ቀይ ልብስ መልበስ በእነርሱ ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

በዚያን ዘመን ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆነ ሰው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር፣ በኬምብሪጅም ዲግሪ መቀበል አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ የሸማኔው ልጅ የተማረው በመንደሩ ትምህርት ቤትና ዕውቀት ካላቸው ጎረቤቶቹ ነው። ከእነዚህም አንዱ ኢላይሁ ሮቢንሰን የተባለ የአየርን ጠባይ የሚመረምር ሰው ነበር፤ ልጁ ጎበዝ መሆኑን ስላየ ማታ ማታ ሒሳብ ያስተምረው ነበር። ዳልተንም 12 ዓመት ሲሆነው እርሱ ራሱ አስተማሪ ሆነ። ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጡ ተማሪዎች ስለ ነበሩት፣ አንዳንዶቹ ቅጣት ሲያዝዝባቸው ና ውጣና እንያያዝ እያሉ ያስቸግሩት እንደ ነበር ይነገራል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላን እኛ ምን እንሠራ እንደ ነበረ እያንዳንዳችን እናስበው።

በ1781 ዓ.ም. ወንድሙ ጆናታን ወደሚሠራበት ወደ ኬንዳል ከተማ ሄዶ በኩዌከሮች ትምህርት ቤት ረዳት ሆነ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ሁለቱ ወንድማማች ትምህርት ቤቱን ተረክበው ያስተዳድሩት ጀመር። በኬንዳል ያገኘው ትልቁ ሀብት ግን ደመወዙ አልነበረም። በዚያች ከተማ ጆን ጎፍ የተባለ፣ ገና በሕፃንነቱ በፈንጣጣ በሽታ ምክንያት ዓይኖቹ የጠፉ ሊቅ ይኖር ነበር። ጎፍ ላቲንና ግሪክ፣ ሒሳብና የተፈጥሮ ትምህርት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። ዕፀዋትን በጣቱ ዳስሶ፣ አሽትቶና ቀምሶ በስማቸው ይጠራቸው ነበር። ዳልተን መጽሐፍ ያነብለታል፤ ይጽፍለታል፤ ጎፍም በፈንታው ቋንቋና ሒሳብ ያስተምረዋል። የአየርን ጠባይ በየቀኑ እየመዘገበ እንዲይዝ የመከረውም ይኸው ዓይነ ስውር መምህር ነው። ዳልተን መጋቢት 24 ቀን 1787 ዓ.ም. የጀመረውን መዝገብ እስከ ዕለተ ሞቱ ዋዜማ ድረስ ለ57 ዓመት ሳያቋርጥ ጻፈው። በውስጡ ከ200,000 በላይ ልኬቶች ተመዝግበዋል። ሙቀቱን ለመለካት መስኮቱን የሚከፍትበት ሰዓት ዝንፍ ስለማይል፣ ፊት ለፊት የምትኖር አንዲት ጎረቤቱ በእርሱ መስኮት ሰዓቷን ታውቅ ነበር ይባላል።

መምህሩ ምንም አያይም፤ ተማሪው ደግሞ ሌላው ሰው የሚያየውን ሁሉ እንደማያይ ገና አላወቀም። ሁለቱ ተቀምጠው ስለ አበባ ሲነጋገሩ ማሰብ እኔን በጣም ይገርመኛል።

ዳልተን ነገሩን ያወቀው ዕፀዋትን ማጥናት ሲጀምር ነው። ስለ አበቦች መልክ ሲጠየቅ ሰማያዊውን ከሮዝ ለመለየት ይቸገር ነበር፤ ሰዎቹን መልሶ ይህ ሰማያዊ ነው ወይስ ሮዝ ብሎ ሲጠይቃቸው የሚቀልድ ይመስላቸው ነበር። እርሱም ችግሩ በቀለሞች ስም አጠራር እንጂ በዓይኑ መሆኑን አልጠረጠረም። በ1792 ዓ.ም. ግን አንድ ማታ የጄራኒየም አበባ በሻማ ብርሃን ተመለከተ። ይህ አበባ በአገራችንም በየግቢው በር በማሰሮና በቆርቆሮ ተተክሎ የምናየው ነው። የዚያ አበባ መልክ ለሰው ሁሉ ሮዝ ነው። ለዳልተን ግን ቀን በፀሐይ ብርሃን ሲያየው እንደ ሰማይ ሰማያዊ ነበር። ማታ በሻማው ብርሃን ሲያየው ሰማያዊነቱ ፈጽሞ ጠፍቶ፣ የሰማያዊ ተቃራኒ የሆነው ቀይ መልክ ታየው። በዚህ ተደንቆ ወዳጆቹን ጠርቶ አበባው በቀንና በሻማ እንዴት እንደሚለዋወጥ እንዲያዩ ጠየቃቸው። እነርሱ ግን ምንም የሚታወቅ ለውጥ አላየንም አሉት። ከሁሉም መካከል አበባው እንደ እርሱ የተለወጠለት አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ እርሱም ወንድሙ ጆናታን ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። አብዛኞቻችን አንድ ነገር ሌላው ሰው ካየው የተለየ ሆኖ ሲታየን ወይ እንከራከራለን፣ ወይ አፍረን ዝም እንላለን። ዳልተን ሁለቱንም አላደረገም። ዓይኑን እንደ ባሮሜትር ቈጥሮ ይመረምረው ጀመር። የፀሐይ ብርሃን በፕሪዝም አልፎ በግድግዳ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ ሌሎች ስድስትና ሰባት መልክ ሲቈጥሩ፣ እርሱ በትክክል የሚለየው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት መሆኑን አረጋገጠ፤ ብጫ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ። ሰዎች ቀይ የሚሉት ለእርሱ ከጥላ እምብዛም የማይሻል ነገር ነበር፤ ብርቱካናማው፣ ብጫውና አረንጓዴው ሁሉ ደመቅና ደብዘዝ ያለ ብጫ ሆኖ ይታየዋል። ቀይ የማኅተም ሰምና የዛፍ ቅጠል ጐን ለጐን ሲቀመጡ ለእርሱ አንድ ናቸው። ደም እንደ ጠርሙስ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ በካልሲ ላይ የነካ ደምና የነካ ጭቃም እምብዛም አይለዩለትም።

በ1793 ዓ.ም. ወደ ማንቸስተር ከተማ ተዛውሮ በአንድ ኮሌጅ የሒሳብና የተፈጥሮ ፍልስፍና መምህር ሆኖ ነበርና፣ በሚከተለው ዓመት የከተማው የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ማኅበር አባል አድርጎ መረጠው። ጥቅምት 31 ቀን 1794 ዓ.ም. በዚሁ ማኅበር ፊት ስለ ራሱ ዓይን ያዘጋጀውን ጽሑፍ አነበበ። ዕድሜው 28 ነበር። አዲስ የገባ አባል ታላላቆቹ ፊት ቆሞ እናንተ የምታዩትን እኔ አላይም ብሎ መናገሩ ቀላል ድፍረት አይመስለኝም። ደግሞም ብቻውን አለመሆኑን ለማወቅ ተማሪዎቹን ጠይቆ፣ ከ25 ልጆች መካከል እንደ እርሱ የሚያዩ ሁለት፣ በሌላ ጊዜም አንድ አግኝቷል። በትውልድ አውራጃው በሜሪፖርት ይኖር የነበረ ሃሪስ የተባለ ጫማ ሰፊ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1777 ዓ.ም. ተጽፎለት ስለ ነበረ ስለ እርሱ ቤተሰብም ጠያየቀ። ያ ጫማ ሰፊ በልጅነቱ ጓደኞቹ ቼሪ የተባለውን ቀይ ፍሬ ከሩቅ ሲለዩ እርሱ ከቅጠሉ የሚለየው በመጠኑና በቅርጹ ብቻ ነበር።

ስለ ዳልተን ብዙ ጊዜ የሚነገር አንድ የካልሲ ታሪክ አለ። ለእናቱ ስጦታ ይሆናታል ብሎ ለኩዌከር የተገባ ደብዛዛ መልክ ያለው የመሰለውን የሐር ካልሲ ገዝቶ ወሰደላት። እናቱ ስታየው ግን እንደ እሳት የቀላ ነበር። እርሱ ቀይ አይደለም ሲል፣ ወንድሙ ጆናታንም ደግፎት፣ እናቲቱ ግራ ገብቷት ጎረቤቶቿን ጠርታ አስፈረደች ይባላል። ታሪኩ ከጊዜ ብዛት ሳይጋነን አልቀረም። ቢሆንም ሁለት ልጆች በአንድ ድምፅ ሲመሰክሩባት የገዛ ዓይኗን የተጠራጠረችው እናት ስለምታሳዝነኝ ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልሁም።

አሁን ምክንያቴን ልግለጽ። እኔም እንደ ዳልተን የማይ ነኝ፤ የእናቴ ወንድምም እንዲሁ ናቸው።

አጎቴ በጅማ በኩል በቡና አገር ያደጉ ሰው ናቸው። ቡና ለቀማ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ የሚለቀመው ቀዩ እሸት ነው፤ አረንጓዴው እስኪበስል ይቆያል። አጎቴ በልጅነታቸው ከእኅቶቻቸው ጋር ወጥተው ሲመለሱ ሁልጊዜ የእርሳቸው ቅርጫት ጐደሎ ሆኖ ይገኝ ነበር። አያቴ ይህን በስንፍና ተረጐሙት። ስንፍናው በቤተሰቡ ዘንድ ታውቆ፣ እንደ ቅጽል ስም ሆኖ፣ ካደጉ በኋላ እንኳ ይቀለድባቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ስለ ዳልተን ካነበብሁ በኋላ በዕረፍት ጊዜ ወደ እርሳቸው ሄጄ ቀይና አረንጓዴ እሸት ቀላቅዬ ሰጠኋቸው። አንድም ሳይሳሳቱ ለዩት፤ ነገር ግን የለዩት እየተመለከቱ አልነበረም። እያንዳንዱን ፍሬ በአውራ ጣታቸው ጫን እያሉ ልስላሴውን ነበር የሚያዩት። ይህን ዘዴ ማን እንዳስተማራቸው ብጠይቃቸው ማንም አሉኝ። ቀዩ ከቅጠሉ መካከል ለሌላው ሰው ከሩቅ የሚጮህ መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ የነገራቸው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ እንደ እርሳቸው በጣቱ እየዳሰሰ የሚለቅም፣ ነገር ግን ፈጣን የሆነ ይመስላቸው ነበር። የኬንዳሉ ጎፍ ትዝ ያለኝ በዚያ ጊዜ ነው።

እኔስ እንዴት ሳላውቀው ኖርሁ? ነገሩን ሳስበው ቋንቋችን ራሱ የደበቀብኝ ይመስለኛል። ለመልክ የምንሰጠውን ስም እንመልከት። ሰማያዊ የምንለው ከሰማይ ነው፤ ቅጠልያ ከቅጠል ነው፤ አመድማ ከአመድ፣ ቡናማም ከቡና ነው። ለሕፃን ልጅ ቅጠሉ ቅጠልያ ነው ተብሎ ሲነገረው፣ በዓይኑ የሚታየው ምንም ይሁን ምን፣ ያንን ቅጠልያ ብሎ ይጠራዋል። ከእርሱ ጐን የቆመው ልጅ የሚያየው ሌላ ቢሆንም ሁለቱ በቃል ይስማማሉ። እንዲህ ሆነው ዕድሜ ልካቸውን ሳይጣሉ ሊኖሩ ይችላሉ። የሚጣሉት አንድ ቀን ቡና ለቀማ ወይም ካልሲ ግዢ ሲመጣ ነው። ደግሞም መልካችን ጠይም ወይም ዳማ የሆነ ሰዎች አንዱን ወገናችንን ቀይ ሰው ነው ስንል፣ የውጭ አገር ሰው ቀዩ የት አለ ብሎ ይገረማል። እዚህ ላይ የተለየው ስሙ እንጂ ዓይኑ አይደለም። የዳልተን ጭንቀት ልዩነቱ ከስሙ ይሁን ከዓይኑ መለየት ነበር፤ ሻማው የለየለትም ይህንኑ ነው።

ወደ ሕይወቱ ልመለስ። ዳልተን በ1800 ዓ.ም. ከኮሌጁ ወጥቶ ኑሮውን በግል በማስተማር ይገፋ ጀመር፤ ማኅበሩም በጆርጅ ጎዳና ላይ በነበረው ቤቱ ውስጥ ክፍል ሰጠው። ሚስት አላገባም። ቀኑን በሥራና በማስተማር ያሳልፋል፤ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ግን በሣር ሜዳ ላይ ኳስ የማንከባለል ጨዋታ ይጫወታል። ስሙ በአውሮፓ ከገነነ በኋላ ፔልቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ታላቁን ሊቅ ለማየት መጥቶ፣ በአንድ ተራ ክፍል ውስጥ ለአንድ ትንሽ ልጅ ሒሳብ ሲያስተምር አግኝቶት ማመን አቃተው ይባላል። ከተማሪዎቹም አንዱ በኋላ ስለ ሙቀትና ስለ ኀይል የምንማረውን ሕግ ያጠናው ጄምስ ጁል ነው።

ስለ አቶም ያሰበው ከአየር ጠባይ ተነሥቶ ነው። የተለያየ ክብደት ያላቸው ጋዞች በአየር ውስጥ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ሳይሆኑ ለምን ተቀላቅለው ይኖራሉ? ጋዞችስ በውኃ ውስጥ ሲሟሙ አንዱ ከሌላው ለምን ይበልጣል? ይህን ሲመረምር የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ቅንጣት የየራሱ ክብደት ያለው መሆን አለበት ወደሚለው አሳብ ደረሰ። በ1803 ዓ.ም. በመስከረም ወር በማስታወሻ ደብተሩ የመጀመሪያውን የአቶም ክብደት ሠንጠረዥ ጻፈ፤ በ1808 ዓ.ም. አዲሱ የኬሚካዊ ፍልስፍና ሥርዓት የተባለው መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ታተመ። ማንም ሰው ያላየውን፣ እርሱም ያላየውን ነገር በክብደት ገልጾ ጻፈ። ምልክቶቹም ክቦች ነበሩ፤ ኦክሲጅን ባዶ ክብ፣ ሃይድሮጅን በመካከሉ ነጥብ ያለበት፣ ናይትሮጅን ቀጥ ያለ መስመር ያለበት፣ ካርቦን በጥቁር የተሞላ። የዛሬ መጻሕፍት ኦክሲጅንን በቀይ፣ ናይትሮጅንን በሰማያዊ እየቀቡ ያሳዩናል። የዳልተን ምልክቶች ግን አንዳቸውም መልክን አይፈልጉም፤ በቅርጻቸው ይለያሉ። ይህን ያደረገው ስለ ዓይኑ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የማተሚያ ቤት ቀለምም ጥቁር ነበርና። እኔ ግን ሠንጠረዡን ባየሁ ጊዜ ሳልቸገር ያነበብሁት የመጀመሪያው ሥዕል ነበር።

ዳልተን በአእምሮው ያየውን ነገር ከያዘ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም ነበር። ሁለት ንጥረ ነገሮች አንድ ውሑድ ብቻ ከሠሩ፣ አንድ ለአንድ ተጣምረው ነው ብሎ ስለ ወሰነ፣ ውኃ ከአንድ ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክሲጅን የተሠራ ነው አለ። ስለዚህ በ1808ቱ መጽሐፍ የኦክሲጅን ክብደት 16 መሆኑ ቀርቶ 7 ሆነ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ጌይ ሉሳክ ጋዞች በመጠን ሁለት ለአንድ፣ አንድ ለአንድ እየሆኑ እንደሚዋሐዱ በልኬት ቢያሳይ፣ ዳልተን ልኬቱን ተጠራጠረ እንጂ አሳቡን አላሻሻለም። ስዊድናዊው በርዜሊየስ ዛሬ የምንጠቀምባቸውን የፊደል ምልክቶች ሲያወጣም አልተቀበላቸውም። የገዛ ዓይኑን ሳያፍር የጠረጠረ ሰው የአእምሮውን ሥዕል ለመጠርጠር ይህን ያህል መቸገሩ ግራ ያጋባል። ምናልባት በዓይን የምናየውን ሌላ ሰው ጠርተን ልናመሳክረው ስለምንችል፣ በአሳብ የምናየውን ግን ብቻችንን ስለምናየው ይሆናል።

ስለ ዓይኑም ቢሆን አንድ አሳብ ይዞ ነበር። የዓይን ብሌንን የሚሞላው ፈሳሽ በሌላው ሰው እንደ ውኃ ጥሩ ነው፤ የእኔ ግን ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ሰማያዊው ፈሳሽ ቀዩን ብርሃን ስለሚያስቀር ቀዩ አይደርሰኝም ብሎ ደመደመ። በሰማያዊ መስታወት ውስጥ እንደሚመለከት ሰው ማለት ነው። ቶማስ ያንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በዚህ አልተስማማም። ያንግ በዓይን ውስጠኛ መጋረጃ ላይ ሦስት ዓይነት ብርሃን ተቀባዮች አሉ ብሎ በ1802 ዓ.ም. አስቦ ነበርና፣ ዳልተን ከሦስቱ አንዱ፣ ቀዩን የሚቀበለው፣ ጐድሎበት ይሆናል ብሎ በ1807 ዓ.ም. ጻፈ። ዳልተን ግን የራሱን አሳብ አልለወጠም። ነገሩን ለመቍረጥ አንድ መንገድ ብቻ ስለ ቀረው ሲሞት ዓይኖቹ ወጥተው እንዲመረመሩ አዘዘ።

የመጨረሻ ዘመኑን ክብር ሞላበት። በ1822 ዓ.ም. የሎንዶን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1833 ዓ.ም. መንግሥት በዓመት 150 ፓውንድ ጡረታ ቈረጠለት፤ ቆይቶም ወደ 300 ከፍ አለ። በ1832 ዓ.ም. ደግሞ በሃይማኖቱ ምክንያት ሊማርበት ያልቻለው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግና ደማቅ ቀይ ካባ ሰጠው። በ1834 ዓ.ም. በንጉሥ ዊልያም ፬ኛ ፊት ሲቀርብ ችግር ተነሣ። የቤተ መንግሥቱ ሥርዓት እንግዳው ሰይፍ እንዲታጠቅ ያዝዛል፤ ኩዌከር ደግሞ ሰይፍ አይታጠቅም። ስለዚህ ወዳጆቹ የኦክስፎርዱን ካባ ለብሶ እንዲቀርብ መከሩት። ካባውም ለኩዌከር ከሰይፍ የማይሻል ደማቅ ቀይ ነበር። ዳልተን ግን የሚያየው የደረቀ ቅጠልና የጭቃ ዓይነት መልክ ስለ ሆነ ሳይከፋው ለብሶት ገባ። በዚያ አዳራሽ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ቀይ ካባ አየ፤ ለባሹ ብቻ አላየውም።

በ1837 ዓ.ም. ድንገተኛ የሽባነት በሽታ መትቶት ንግግሩ ተሰናከለ። ቢሆንም የአየሩን መዝገብ አልተወም። ሐምሌ 26 ቀን 1844 ዓ.ም. ማታ እየተንቀጠቀጠ በያዘው ብዕር ጥቂት ዝናብ መዝነቡን ጽፎ ተኛ፤ በማግሥቱ ጧት ሞተ። አስከሬኑ በማንቸስተር ማዘጋጃ ቤት ባረፈ ጊዜ 40,000 ያህል ሰው ተሰልፎ ተሰናበተው።

ሐኪሙ ጆሴፍ ራንሰም ትእዛዙን ፈጸመ። የአንዱን ዓይን ፈሳሽ በሰዓት መስታወት ላይ አፍስሶ ተመለከተው፤ ፈጽሞ ጥሩ ነበር፤ ሰማያዊ አልነበረም። የሁለተኛውን ዓይን ጀርባ ብቻ ቈርጦ፣ በዓይኑ ውስጥ አሻግሮ ቀይና አረንጓዴ ነገሮችን አየባቸው። ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴውም አረንጓዴ ሆኖ ታየው። ዳልተን 77 ዓመት ሙሉ ባየበት መስታወት ሌላ ሰው ሲያይበት ዓለም እንደ ወትሮው ነበረች። እንግዲያው መስታወቱ ንጹሕ ነው፤ የዳልተን አሳብ ግን ወደቀ። የተረፈውን የዓይኖቹን ክፍል ማኅበሩ በማሰሮ አድርጎ አስቀመጠው።

ከ151 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ከዚያ ከደረቀው ዓይን ቅንጣት ወስደው ዘረ መሉን መረመሩ። በዓይን መጋረጃ ላይ ሦስት ዓይነት ኮን የተባሉ ሕዋሳት መኖራቸው በዚያን ጊዜ ታውቆ ነበር። ያንግ ከሦስቱ አንዱ ጐድሏል ማለቱ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ የጐደለው ግን እርሱ እንደ ገመተው ለቀዩ የሚያገለግለው ሳይሆን ለአረንጓዴው የሚያገለግለው ነበር። ተመራማሪዎቹ የጄራኒየሙንም ነገር መልሰው አዩት። አበባው ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ሁለቱንም ይመልሳል፤ ሻማ ግን ሰማያዊ ብርሃን እምብዛም የለውም። ሦስት ኮን ያለው ዓይን ልዩነቱን አቻችሎ አበባውን ያው ሮዝ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሁለት ኮን ያለው ዓይን ግን ልዩነቱን ከሰማያዊ ወደ ቀይ እንደ መሻገር አድርጎ ያየዋል። ለወዳጆቹ ምንም ያልተለወጠው አበባ ለዳልተን የተለወጠው ስለዚህ ነው። በሦስት ኮን የሚያየውም ሰው ቢሆን ንብ የምታየውን ከሐምራዊ ወዲያ ያለውን ብርሃን አያይም። ንብ የጄራኒየሙን መልክ ምን ብላ እንደምትጠራው ብትነግረን፣ ያን ጊዜ ሁላችንም ዳልተኖች እንሆን ነበር።

ይህ የዓይን ሁኔታ በብዙ አገር ቋንቋ ዳልቶኒዝም እየተባለ በስሙ ይጠራል። ትውልዱ ከአውሮፓ ከሆነ ከ100 ወንዶች 8 ያህሉ በልዩ ልዩ መጠን ይገኝባቸዋል፤ በሴቶች ላይ ግን ከ200 አንዷ ብትሆን ነው። ምክንያቱም ጐደሎው ዘረ መል ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ ነው። ወንድ ልጅ ይህን ክሮሞሶም የሚቀበለው ከእናቱ ብቻ ነው፤ እናቲቱ ግን ሌላ ሙሉ ስላላት ራሷ በደኅና ታያለች። ለእኔና ለአጎቴ የደረሰን በአያቴና በእናቴ በኩል ነው፤ ሁለቱም ቀዩን እሸት ከሩቅ የሚለዩ ናቸው። የጆንና የጆናታን ዓይንም የመጣው ከአባታቸው ከሸማኔው አይደለም። ቀዩን ካልሲ ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት የዞረችው ዲቦራ ናት ያወረሰቻቸው።